የመርከቧ እረኛ፦ የሲሞን ኩስቶ የሕይወት ታሪክ

የሕይወት ታሪክ የመጻፍ ተራው ለእኔ ሲደርስ ብዙዎቻችሁ የእቴጌ ጣይቱን ወይም የሌላ አገራችንን ጀግና ሴት ታሪክ እንደምትጠብቁ ይገባኛል። እኔ የመረጥኩት ግን አርባ ዓመት ያህል በመርከብ ላይ የኖረችን አንዲት ፈረንሳዊት ነው። ለምን እንደመረጥኳት መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስሟ ሲሞን ኩስቶ ይባላል። ባሏ ዣክ ኢቭ ኩስቶ በዓለም ሁሉ የታወቀ የባሕር ጠላቂና የፊልም ሰው ነበር። ቀይ ቆብ የሚያደርገውን ያንን ቀጭን ሽማግሌ አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ያየ ሰው አይረሳውም። ሲሞን ግን በፊልሞቹ ላይ እምብዛም አትታይም። ካሜራው ሲመጣ እሷ ዞር ማለት ትመርጥ ነበር። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በመዝገብ ላይ የማይሰፍር ልፋት ሁልጊዜ ያሳስበኛል። በሲሞን ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ልፋት ብዙ አለ።

ውርጌሳ ቁጭ ብሎ ስለ ባሕር ማውራት ምን ይሉታል የምትል እህት ትኖር ይሆናል። እውነት ነው፣ እኛ የምናውቀው ውሃ ክረምት የሚያወርደውን ጎርፍና ወደ ደሴ ስንሄድ በመንገዳችን የምናገኘውን ሐይቅ ነው። ነገር ግን ቀይ ባሕር ለወሎ ሰው ባዳ አይደለም። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ በሚገባው መንገድ ስንቱ መኪና ነድቷል፣ ስንቱ ወደብ ላይ ጭነት ጭኗል። ከሲሞን ታሪክም ዋና ዋናው የተፈጸመው በዚሁ በቀይ ባሕር ላይ ነው።

ልጅነትና ትዳር

ሲሞን ሜልሺዮር በ1919 ጥር ወር ውስጥ ቱሎን በተባለችው የደቡብ ፈረንሳይ የወደብ ከተማ ተወለደች። ቱሎን የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ትልቁ ሰፈር ናት። ቤተሰቧም የባሕር ሰው ነበር፤ ከዘመዶቿ መካከል አድሚራሎች ነበሩ፣ አባቷም የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ልጅነቷን በከፊል ያሳለፈችው በጃፓን፣ ኮቤ በተባለችው የወደብ ከተማ ሲሆን የጃፓንን ቋንቋም ተምራለች። እንግዲህ ሲሞን ገና በልጅነቷ መርከብ ሲመጣና ሲሄድ እያየች ያደገች ልጅ ናት። ሆኖም በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሴትን በመርከብ ላይ አያሠራም ነበር። የአባቷና የአያቶቿ ሙያ ለእሷ የተዘጋ በር ነበር።

ኩስቶን ያገኘችው በፓሪስ፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለች ነው። በ1937 ሐምሌ ወር ሲጋቡ እሷ 18፣ እሱ 27 ዓመታቸው ነበር። ከዚያም ዣን ሚሼልና ፊሊፕ የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ።

ኩስቶ በዚያን ጊዜ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ምኞቱ አውሮፕላን አብራሪ መሆን ቢሆንም በ1936 ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶበት ክንዶቹ ተሰበሩና ያ ሕልሙ ቀረ። ክንዱ እንዲጠነክር በየቀኑ ባሕር ውስጥ መዋኘት ጀመረ። ያኔ ነው ፊሊፕ ታይዬ የተባለ የሥራ ባልደረባው የውሃ መነጽር የሰጠው። ኩስቶ መነጽሩን አድርጎ ፊቱን ውሃው ውስጥ ሲነክር ዓሣውን፣ ድንጋዩን፣ የባሕሩን ሣር ጥርት አድርጎ አየ። ከዚያች ቀን በኋላ ሐሳቡ ሁሉ ባሕር ሆነ። ልብ በሉ፤ በኋላ ለሚሊዮኖች የባሕሩን በር የከፈተው ሰው ራሱ አንድ ቀን ጀማሪ ነበር። መነጽር ያቀበለው ወዳጅ ባያገኝ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር።

ውሃ ውስጥ መተንፈስ

በዚያ ዘመን ወደ ባሕር መጥለቅ የሚፈልግ ሰው ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛው ትንፋሹን ይዞ መግባትና ቶሎ መውጣት ነው። ሁለተኛው ከብረትና ከነሐስ የተሠራ ከባድ ቆብ ጭኖ፣ አየር ከመርከብ በቱቦ እየተላከለት፣ እንደታሰረ ፈረስ በገመድ ርዝመት ልክ መሄድ ነው። ኩስቶና ጓደኞቹ የፈለጉት ሰው አየሩን በጀርባው አዝሎ እንደ ዓሣ በነፃነት እንዲሄድ ነበር።

እዚህ ላይ የሲሞን ቤተሰብ ይገባል። አባቷ ከባሕር ኃይል ከወጣ በኋላ ኤር ሊኪድ በተባለው ትልቅ የጋዝ ኩባንያ ውስጥ ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። በዚያ መንገድ ኩስቶ በ1942 መጨረሻ ከኩባንያው መሐንዲስ ከኤሚል ጋኛን ጋር ተገናኘ። ጊዜው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር፤ ፈረንሳይ ቤንዚን አጥታ መኪኖች በጋዝ ይነዱ ነበር። ጋኛን ለሞተሩ የሚያስፈልገውን ያህል ጋዝ ብቻ እየመጠነ የሚለቅ ትንሽ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ያንን መሣሪያ ለሰው ሳንባ እንዲሆን አሻሻሉት። ጠላቂው ሲስብ አየር ይመጣል፣ ሳይስብ ይቆማል። አኳላንግ ብለው ሰየሙት። ዛሬ ስኩባ ዳይቪንግ የምንለው፣ የአየር ሲሊንደር አዝሎ መጥለቅ፣ የተስፋፋው በዚህ መሣሪያ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን አልሰመረም። በ1943 መጀመሪያ፣ በብርድ፣ በማርን ወንዝ ውስጥ ሲሞክሩት ጠላቂው ቀጥ ብሎ ሲቆም አየሩ በከንቱ ይፈሳል፤ ሲዘቀዘቅ ደግሞ አየሩ በግድ ይመጣል። ኩስቶና ጋኛን ተስፋ አልቆረጡም። የመውጫውንና የመግቢያውን ቦታ አስተካከሉና መሣሪያው ሠራ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በደቡብ ፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ዋናው ሙከራ ተደረገ። አሠራራቸውን በደንብ ተመልከቱት። ኩስቶ አዲሱን መሣሪያ አዝሎ ይጠልቃል። ፍሬደሪክ ዱማ የተባለው የታወቀ ዋናተኛ በባሕሩ ዳር ሰውነቱን አሙቆ፣ አርፎ፣ አንዳች ነገር ቢደርስ ዘልሎ ለመግባት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሲሞን ደግሞ በውሃው ላይ ተንሳፍፋ፣ በአጭር ቱቦ እየተነፈሰች፣ በመነጽሯ ቁልቁል ታየዋለች። እሷ ምልክት ከሰጠች ዱማ ይገባል። ኩስቶ ከታች እንደ ልቡ ሲገለባበጥ፣ ሲበር፣ በራሱ ሲቆም እሷ ዓይኗን አልነቀለችም። ከዋሻ ውስጥ ሎብስተር የተባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት ይዞ ወጥቶ ያቀበላትም ለእሷ ነው። በእኛ ዘንድ ባይበላም በጦርነት ለተራበ ቤት ትልቅ ምሳ ነበር።

ዓለም የሚያስታውሰው ከታች ያለውን ሰው ነው። ያ ሰው ግን ያለ ፍርሃት የጠለቀው ከላይ የምታየው ሰው ስላለች ነው። የሲሞን ቀሪ ዕድሜ በሙሉ በዚህች ሥራ ውስጥ ይጠቃለላል።

ጀማሪ እንዴት ይገባል?

ሲሞን ራሷም አኳላንጉን አዝላ ጠለቀች። በዚህ መሣሪያ የጠለቀች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ እንደሆነች ይነገራል። በ1945 ደግሞ ተራው የልጆቿ ሆነ። ኩስቶ ለሰባት ዓመቱ ዣን ሚሼልና ለታናሽ ወንድሙ ለፊሊፕ ትናንሽ መሣሪያዎች አሠርቶ ባሕር አስገባቸው። ልጆቹ ዓሣውንና ቀለሙን ሲያዩ በደስታ መጮህና ማውራት ያዙ። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር መተንፈሻው ይወድቃል፣ ውሃ ይገባል። አባትየው አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው እየተሯሯጠ መተንፈሻውን መልሶ አፋቸው ውስጥ ሲከት ዋለ። ኋላም ቁጭ አድርጎ ባሕር ውስጥ ዝም ማለት እንደሚያስፈልግ አስረዳቸው። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን አጠፉ ተብለው አልተባረሩም። ሁለቱም አድገው የባሕር ሰዎች ሆኑ።

ስለዚህ ሙያ ሳነብ የገረመኝ ጀማሪን የሚቀበሉበት መንገድ ነው። ውሃ ከባድ ነው። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት በላያችን ላይ ካለው የአየር ክብደት ጋር እኩል የሆነ ጫና ይጨመራል፤ 10 ሜትር ላይ ጫናው እጥፍ፣ 30 ሜትር ላይ አራት እጥፍ ይሆናል። ከላይ አየር ሞልታችሁ የከደናችሁት የሃይላንድ ፕላስቲክ 10 ሜትር ቢወርድ ተጨማድዶ ውስጡ ያለው አየር ግማሽ ይሆናል። ከጋሸና ወደ ወልዲያ ቁልቁል ስንወርድ ጆሯችን የሚደፈነው ከዚህ ጋር በሚመሳሰል ምክንያት ነው፤ ባሕር ውስጥ ግን ይኸው ነገር በጥቂት ሜትር ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው አፍንጫውን ይዞ ቀስ አድርጎ በመንፋት ጆሮውን መክፈት ነው። ካመመው ትንሽ ወደ ላይ ይመለሳል እንጂ እልህ አይያያዝም።

ሁለተኛው ትምህርት ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ ነው። ከታች የተሳበ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይሰፋልና የያዘውን ሰው ሳንባ ሊጎዳ ይችላል። የፈራ ሰው ደግሞ ወዲያው ትንፋሹን ይይዛል፤ ቶሎ ወደ ላይ መሮጥም ያምረዋል። በመሆኑም ጀማሪን ማስፈራራት ወይም መሳቂያ ማድረግ ነውር ብቻ አይደለም፣ አደጋም ነው። ልምምዱ የሚጀመረው እግር መሬት በሚነካበት ውሃ ነው። ሰው ብቻውን አይጠልቅም፤ ጥንድ አለው። ጥንዶች የሚሄዱት በቀስተኛው ፍጥነት ነው። በእጅ ምልክት ይነጋገራሉ፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቀሰር ጎሽ ማለት ሳይሆን እንውጣ ማለት ነው። ማንም ሰው በፈለገው ጊዜ ይህንን ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ሌላው አብሮት ይወጣል። ለምን ፈራህ ብሎ የሚወቅሰው የለም።

ካሊፕሶ

በ1950 አንድ ትልቅ ዕድል መጣ። ካሊፕሶ የምትባል መርከብ ማልታ ውስጥ ተገኘች። በጦርነቱ ጊዜ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ፈንጂ ጠራጊ እንድትሆን ከእንጨት የተሠራች፣ በኋላ ሰውና መኪና ማሻገሪያ የሆነች አሮጌ መርከብ ናት። ሎኤል ጊነስ የተባለ እንግሊዛዊ ባለጸጋ ገዛትና ለኩስቶ በዓመት በአንድ ፍራንክ ኪራይ ሰጠው።

እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ይህንን ሳነብ ፈገግ አልኩ። በመዝገብ ላይ የመርከቧ ኪራይ አንድ ፍራንክ ነው። ታዲያ መርከብ በኪራይ ብቻ አትሄድም። ጥገና አለ፣ ነዳጅ አለ፣ የአቅጣጫ መሣሪያ አለ፣ የሰው ቀለብ አለ። ሲሞን ከቤተሰቧ የወረሰችውን ጌጣጌጥና የፀጉር ካፖርቷን ሸጠች። መርከቧ በዚያ ገንዘብ ነዳጅና መሣሪያ አገኘች። ወርቋን ሸጣ የልጇን ትምህርት ቤት የከፈለች፣ አሹራዋን አስይዛ ዘር የገዛች ሴት ይህንን በደንብ ትረዳዋለች። ስሟ በመርከቧ ባለቤትነት ላይ የለም። ያለ እሷ ግን መርከቧ ከወደብ አትነቀሳቀስም ነበር።

በ1951 መጨረሻ ካሊፕሶ ለመጀመሪያ ትልቅ ጉዞዋ ወደ ቀይ ባሕር አቀናች። በሳውዲ ዓረቢያ በኩል ያለውን የዛጎል አለት ሊያጠኑ ነበር። ከሠራተኞቹና ከተመራማሪዎቹ መካከል ሴት ሲሞን ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ለአርባ ዓመት ያህል ቤቷ ካሊፕሶ ሆነች። ባሏ ገንዘብ ለመለመን፣ ንግግር ለማድረግ፣ ፊልም ለመሸጥ ከአገር አገር ሲዞር መርከቧ ላይ የምትቀረው እሷ ነበረች። ከባሏና ከሁለቱ ልጆቿ ይልቅ ካሊፕሶ ላይ ብዙ ጊዜ የቆየችው እሷ ናት ይባላል።

የሥራ መደብ አልነበራትም፤ ሥራዋ ግን ብዙ ነበር። የታመመ ታስታምማለች። ቀለብ መኖሩን ትቆጣጠራለች። የተጣሉትን ታስታርቃለች። ሠላሳ ያህል ወንዶች ለወራት በጠባብ መርከብ ላይ ሲኖሩ ጥል አይጠፋም፤ ናፍቆትም አይጠፋም። የከፋውን ሰው ቀድማ የምታውቀው እሷ ነበረች። ጊዜ ስታገኝ ከመርከቧ ምሰሶ ላይ ወጥታ ዓሣ ነባሪ ትጠባበቃለች። መርከበኞቹ ላ ቤርዤር ብለው ጠሯት፤ እረኛዋ ማለት ነው።

ይህ ስም ለእኛ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እረኛ ጠዋት በጎቹን ቆጥሮ ያወጣል፣ ማታ ቆጥሮ ያስገባል። አንዲት ብትጎድል እራቱን ትቶ ይመለሳል።

የመጡ፣ የቆዩ፣ የቀሩ

ወደ ካሊፕሶ ብዙ ወጣት መጣ። አልቤር ፋልኮ ከእነዚህ አንዱ ነው። በ1952 ከማርሴይ ከተማ አጠገብ ከባሕር በታች የሰመጠ ጥንታዊ የንግድ መርከብ ሲቆፈር፣ ፋልኮ ገና ወጣት ሆኖ ያለ ደመወዝ በፈቃደኝነት ሊሠራ መጣ። ለጥቂት ጊዜ የመጣው ልጅ አርባ ዓመት ገደማ ቆየ። ዋና ጠላቂ፣ በኋላም የካሊፕሶ ካፒቴን ሆነ። በ1962 ክሎድ ዌስሊ ከተባለ ጓደኛው ጋር ከማርሴይ ባሕር በታች 10 ሜትር ላይ በተቀመጠ የብረት ቤት ውስጥ ለሰባት ቀን በመኖር የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሆኑ።

ሁሉም ግን አልተመለሰም። በ1947 ሞሪስ ፋርግ የተባለ የባሕር ኃይል ጠላቂ እጅግ በጥልቀት ሲጠልቅ ሞተ። በዚያው ፋልኮ በመጣበት በ1952፣ በዚያው የቁፋሮ ቦታ፣ ዣን ፒየር ሰርቬንቲ የተባለ ወጣት ሞተ። ይህንን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ማበረታታት ማለት ገፍቶ ማስገባት እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው። በዚህ ሙያ ደጋግመው የሚነግሩት ሕግ ሁሉ፣ ጥንድ መሆኑ፣ ቀስ ብሎ መውጣቱ፣ ከላይ ጠባቂ ማስቀመጡ፣ በሰው ሕይወት የተገዛ ትምህርት ነው።

ከባሕር በታች የተሠራ ቤት

በ1963 ሥራው ወደ ቀይ ባሕር ተመለሰ። ከፖርት ሱዳን አቅራቢያ ሻአብ ሩሚ በተባለ የዛጎል አለት ላይ፣ 10 ሜትር ያህል ጥልቀት ውስጥ፣ የኮከብ ቅርጽ ያለው ቤት አቆሙ። አምስት ሰዎች እዚያ ለአንድ ወር ኖሩ። መኝታ፣ ወጥ ቤት፣ ስልክም ነበራቸው። አየሩ ቢበከል ቀድማ እንድታስታውቅ በቀቀን ወፍም አስገቡ። ወጣ ብለው በባሕሩ መካከል ሠርተው ይመለሱና በደረቅ ልብስ እራት ይበላሉ።

ሲሞን ወርዳ ወደዚያ ቤት ገባች፤ የሥራው የመጨረሻ ቀናት ላይ እዚያ ቆየች። የጋብቻቸውን መታሰቢያ ከባሏ ጋር ያከበረችውም ከባሕር በታች ነው። ከባሕር በታች በተሠራ ቤት ውስጥ የቆየች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ትቆጠራለች። የአያቶቿ ባሕር ኃይል በመርከብ ላይ ቦታ ያልሰጣት ልጅ በ44 ዓመቷ የባሕሩ ወለል ላይ አደረች።

የኩስቶ ዝና በእነዚህ ዓመታት ገነነ። ጸጥተኛው ዓለም የተባለው ፊልሙ በ1956 በካን ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ቀጥሎም ኦስካር አገኘ። ስለ ባሕር በታቹ ቤት የተሠራው ፊልምም ኦስካር አገኘ። ቀጥሎ የመጣው የቴሌቪዥን ፊልም በየአገሩ ታየ፤ ያንን አይተው ስንቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የውሃ መነጽር አጠለቁ። ሲሞን ግን እንደ ልማዷ ከካሜራው ጀርባ ነበረች።

የመጨረሻ ዓመታት

መከራ ግን አልቀረላትም። በ1979 ሰኔ ወር ትንሹ ልጇ ፊሊፕ በፖርቱጋል፣ ሊዝበን አጠገብ፣ የሚያበራት በውሃ ላይ የምታርፍ አውሮፕላን ተከስክሳ ሞተ። ያንን በልጅነቱ መተንፈሻው ከአፉ እየወደቀ ያስቸግር የነበረውን ልጅ አጣችው። ወደ መርከቧ ተመለሰች፤ የሌሎች እናቶችን ልጆች መጠበቅ ቀጠለች።

ሌላም ሐዘን ነበረ። ባሏ ከሌላ ሴት ሁለት ልጆች ወልዶ ነበር። ሲሞን ካረፈች ዓመት ሳይሞላ ያቺን ሴት አገባ። ይህንን መደበቅ ሴቶች ለሴቶች በሚጽፉት ጽሑፍ ላይ አይገባም ብዬ ነው ያነሳሁት። የሰው ታሪክ ሙሉ ሲነገር ነው የሚያስተምረው። ጌጧን የሸጠችለት ሰው በዚህ በኩል አልከፈላትም። መርከበኞቹ ግን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ እረኛችን እያሉ አነሷት።

ሲሞን በ1990 ታኅሣሥ ወር መጀመሪያ በሞናኮ በ71 ዓመቷ ዐረፈች። አመዷም በባሕር ላይ ተበተነ። ካሊፕሶ በ1996 ሲንጋፖር ወደብ ላይ በሌላ ጀልባ ተገጭታ ሰጠመች። ኩስቶም በ1997 ዐረፈ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ሲሊንደር አዝሎ ይጠልቃል። እያንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው አጠገቡ ሆኖ፣ ዓይኑን እያየ፣ ተንፍስ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጥቶታል።

ለምን መረጥኳት?

አሁን ቃሌን ልጠብቅ። ከጦርነቱ በኋላ ማህበራችን ሲጠናከር፣ አንድ የስብሰባ ቀን አንዲት እናት ለመመዝገብ መጡ። በገበያ ጎመንና ቃሪያ ይሸጣሉ። በር ላይ ቆመው ይግቡ የሚላቸው ሰው ይጠብቁ ነበር። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሂሳብ አልገጥም ብሎኝ ተናድጄ ነበር። ቀና ብዬ ሰላም ሳልላቸው መታወቂያና ፎቶ ጠየቅኳቸው። መታወቂያቸው በጦርነቱ ጠፍቶባቸዋል። እዚህ ላይ ይፈርሙ ብዬ እስክሪብቶ ዘረጋሁላቸው። መጻፍ እንደማይችሉ በዝግታ ነገሩኝ። በሰው ፊት የቀለሙን ሳጥን ገፋሁላቸው። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኚያ እናት አውራ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወጡ፤ አልተመለሱም።

ከወራት በኋላ ቅዳሜ ገበያ አገኘኋቸው። ልጃቸው ታሞባቸው ገንዘብ በአራጣ ተበድረዋል፤ ብድሩን ለመክፈል ሁለቱን ፍየሎቻቸውን ሸጠዋል። በዚያን ጊዜ በማህበራችን ካዝና ለአባላት ብድር የሚሆን ገንዘብ ነበር። መዝገቤን ብትመረምሩት የዚያ ወር ሂሳብ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። የጎደሉት ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ሰው አልቆጠርኩም።

አዲስ አባል ማለት ባሕር ዳር የቆመ ጀማሪ ነው። ለእኛ ደብተሩ፣ ፊርማው፣ ወለዱ፣ ስብሰባው የለመድነው ነው። ለእሷ ሁሉም ከባድ ውሃ ነው፤ ጆሮዋ ይደፈናል፣ ትንፋሿን ትይዛለች። ሰው ከሳቀባት ወደ ላይ ትሮጣለች። እኛ ወሎዬዎች ለዚህ የምትሆን ቃል አለችን፤ አብሽሪ። በቅሬው፣ በለቅሶው፣ በወሊዱ አብሽሪ እንላለን። ማህበራችን በር ላይ ስትደርስ ይህችን ቃል የረሳናት እኛው ነን።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየስብሰባው አንዲት አባል ሥራዋ በር ላይ ተቀምጦ የመጣችውን መቀበል ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዷ አዲስ አባል ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከነባር አባል ጋር ትጣመር፤ ደብተሯን አብረው ይክፈቱ፣ ቁጠባዋን አብረው ያስገቡ። ነባሯ በአዲሷ ፍጥነት ትሂድ። ሦስተኛ፣ ያልገባት ነገር ሲኖር ማንኛዋም አባል እጇን አንስታ ስብሰባውን ልታስቆም ትችል፤ ለምን አልገባሽም የሚላት አይኑር። አራተኛ፣ የጣት አሻራ የሚወሰደው በጓዳው ክፍል ይሁን። አምስተኛ፣ ሁለት ስብሰባ የቀረችን አባል ቤቷ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ይመደብ። የስም ዝርዝሩን በየወሩ የማወጣው እኔ እሆናለሁ፤ እረኛ የሚቆጥረውን ያህል መቁጠር ለሂሳብ ሠራተኛ ከባድ አይደለም።

ለውድ ደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር ልበል። በዓመት መጨረሻ የምንልክላችሁ ሪፖርት ስንት ብር ተቆጠበ፣ ስንት ብር ተበደረ ይላል። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ስንት ሴት መጣች፣ ስንቷ ቀረች፣ ስንቷ ተመለሰች የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር እጠይቃለሁ። በዚያ መስመር ላይ የእኔ ጥፋትም ይቆጠር።

እኚያን እናት ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። ቡና አፍልተው እስከ በረካው አስቀመጡኝ። እመጣለሁ አላሉኝም፣ አልመጣምም አላሉኝም። የቀበሌውን መታወቂያ ለማውጣት አብሬያቸው ለመሄድ ማክሰኞ ተቀጣጥረናል። በሚቀጥለው ስብሰባ በር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ቸር ያገናኘን።